የጋሼ ታረቀኝ ፊት በስክሪኑ ላይ

ኢንጂነር ታረቀኝ ባለፈው ወር ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ልባቸውን አሟቸው ዱባይ ሐኪም ቤት ከገቡ በኋላ ብዙም አልቆዩም። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ ተሸኝቶ ከወላጆቻቸው አጠገብ አርፏል። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የምታውቋቸው ሁሉ ይህን ሰምታችኋል፤ ብዙዎቻችሁም ለስንብቱ መጥታችሁ ነበር። እኔ ተማሪያቸው ሶስና ይህን የምጽፈው በዚያ ቀን ስክሪኑ ላይ ስላያችሁት ፊት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ድረስ አፍራለሁ።

በሥራ ቦታ «ኢንጂነር» ይባሉ እንጂ እኛ ሐበሾቹ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ለሠርግ፣ ለኤግዚቢሽንና ለሱቅ ፊት ትልልቅ የኤልኢዲ ስክሪን በሚያቆም ድርጅት ውስጥ የምስል ጥራት ኃላፊ ነበሩ። እኔን ያገኙኝ ካራማ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ሞባይል ስሸጥ ነው። ስልክ ሊገዙ መጥተው ስለ ስክሪን በጥያቄ ሳደርቃቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉና ወደ ሥራቸው ወሰዱኝ። ቪዛዬ እስኪዛወር ከአለቆቻቸው ጋር ስንቴ እንደተጨቃጨቁ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው አንድም ቀን አላነሱብኝም።

አዲስ ስክሪን ሲፈትኑ ፋብሪካው የላከውን የቀለም ሰንጠረዥ ትተው የሰው ፊት ያወጡ ነበር፤ ለዚያውም የጠይም ሰው፣ ብዙ ጊዜ የኔኑ። «ነጭ ልብስማ የትኛውም ስክሪን ያወጣዋል። ጉዱ የሚታየው ጠይም ጉንጭ ላይ ነው» ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ አጅማን ውስጥ በሐበሻ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ስክሪኑ ላይ አመድ መሰለች። የአዳራሹ ኃላፊ «ኸላስ፣ በቃ፣ ቀላ አድርጓትና እንለፍ» ቢላቸው ጋሼ ዞር ብለውም አላዩት። ሚዜዎቹ በር ላይ እየተቁነጠነጡ፣ እሳቸው ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ጥላውን አንድ በአንድ አስተካከሉ። በኋላ ሙሽራዋ መጥታ እጃቸውን ልትስም ስትል ተደናግጠው ወደ ኬብሎቹ ሸሹ። እስከ ቤታችን ድረስ ስንስቅባቸው ሄድን።

የስክሪን ድምቀት በሁለት መንገድ ይቀነሳል። አንደኛው ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ መቀነስ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ጥላው ግን አይጠፋም። ሁለተኛው አምፖሎቹ በርተው የሚቆዩበትን ቅጽበት ማሳጠር ነው። ይሄኛው ወዲያው ያልቃል፤ ነገር ግን በጣም ከቀነሱት ጠቆር ያሉት ቀለሞች ይጨፈለቁና ልዩነታቸው ይጠፋል። ጋሼ ይህን ሲያስተምሩኝ «ብርሃኑን ቀንሺ፤ ፊቱን አትቀንሺ» ነበር ያሉኝ።

ለስንብቱ ሻርጃ አዳራሽ ስንከራይ፣ እንደ ወጉ ፎቷቸውን በእጅ ይዘን ከማልቀስ ይልቅ ድርጅቱ ያለውን ትልቁን ስክሪን እናቁም አልን። ለእሳቸው የሚመጥን ይህ ነው ብለን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ልታይ ልታይ ማለትም ነበረበት። ስክሪኑ ለአደባባይ ፀሐይ የተሠራ ነው። ስከፍተው ፊት ለፊት የተቀመጡት እናቶች ዓይናቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ከኋላም ቀንሺው የሚል ድምፅ በዛ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ በር ላይ ደርሰዋል። ደነገጥኩና በአቋራጩ፣ በሁለተኛው መንገድ ቀነስኩት።

ፊታቸው ተበላሸ። ግንባራቸው ብቻ ቀርቶ ጉንጫቸውና አገጫቸው ጭቃ ሆነ፤ ያ የምናውቀው ፈገግታቸው የት እንደገባ አልታይ አለ። ወይዘሮ እልፍነሽ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ መጡና በዝግታ፣ «ሶስናዬ፣ አጥፊው። እኔ የኖርኩት ከዚህ ፊት ጋር አይደለም» አሉኝ።

አጠፋሁት። እሳቸው ከቦርሳቸው የባለቤታቸውን መታወቂያ አወጡ። ለቀስተኛውም ጥፍር የምታክለዋን ፎቶ እየተቀባበለ ተሰናበታቸው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወይዘሮ እልፍነሽ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ እባካችሁ፣ ያን ቀን ያያችሁትን ምስል የጋሼ ፊት አድርጋችሁ አትቁጠሩት። እሳቸውን አይመስልም።

ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ እርስዎን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሸኝ ሲወጣ እኔ አዳራሹ ውስጥ ቀረሁ። አብሬ ለመሄድ ፊት አልነበረኝም። ስክሪኑን መልሼ ከፈትኩና ኤሌክትሪኩን ከቀዩም፣ ከአረንጓዴውም፣ ከሰማያዊውም በልክ በልኩ ቀነስኩ። መጀመሪያ ጉንጭዎ መጣ፤ ቀጥሎ ከከንፈርዎ ሥር ያለችው ጥላ፤ በመጨረሻ ዓይንዎ። ለወይዘሮ እልፍነሽ ልደውል ስልኬን አነሳሁ። እሳቸው ግን ከእርስዎ ጋር ወደ አውሮፕላኑ እየሄዱ ነበር፤ ምን ብዬ ከመንገድ ልመልሳቸው? ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ በሰላም ይረፉ። ፊትዎ ወጥቶ ነበር። ያየሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።