ጋሼ በቀለ የሚጠሉት ዘፈን

«ምን ዓይነት ዘፈን ትወዳለህ?» ሲሉኝ አንድ የጭነት መኪና ጉዞ ትዝ ይለኛል።

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ስመለስ አውቶቡስ አመለጠኝና ጋሼ በቀለ የሚባሉ ሾፌር በጭነት መኪናቸው ጋቢና አሳፈሩኝ። ሰውየው መንገዱን ሙሉ አንዲት ካሴት ብቻ እያገላበጡ ያጫውታሉ። ዘፋኙ ዘይት እንዳጣ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ደብረ ሲናን አልፈን ቆላ ስንገባ ሙቀቱና ዘፈኑ ተባብረው ራሴን አዞሩኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ዘፈን በጣም ይወዱታል?»

«እኔ? እንደሱ የምጠላው የለም! የምወደውማ ትዝታ ነው፣ በክራር።»

«ታዲያ እሱን ያስገቡልና!»

«ተው መምህር፣ ይቅርብህ።»

ነዘነዝኳቸው፤ አስገቡት። ክራሩ አንጀት ያርሳል። ላመሰግናቸው ዞር ስል አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። መሪውን ይዤ ጮህኩ። ባንነው ፍሬን ሲይዙ የፊት ጎማው ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሷል።

«የምወደውን ስሰማ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ይቅርብህ አላልኩህም?»

የቀድሞውን ካሴት መልሼ ብከት ቴፑ ክሩን በላው። ምን ላድርግ? ያንኑ ዘፈን እኔው ሲጥ ሲጥ እያልኩ እስከ ሸዋ ሮቢት ዘፈንኩት።

ጋሼ በቀለ ዓይናቸው ፈጧል። «በርታ መምህር! አንተ እንዲያውም ከሱ ትብሳለህ!»