አቶ አስረስን ከወንበራቸው ማስነሳት

ቡታጅራ ላይ ዳምጤ የሚባል አናጺ አለ። ሱቁን ፈልጎ የመጣ እንግዳ ግን “የዳምጤ እንጨት ቤት የት ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ለብዙ ጊዜ የሚመልስለት አልነበረም። “ያልተሰጠው ቤት የት ነው?” ካለ ግን ባጃጅ ነጂው ሳይቀር በር ላይ ያወርደው ነበር። ይህን ስም እናቱ አላወጣችለትም። ያወጡለት አቶ አስረስ ናቸው። ዳምጤም ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ቂሙን እንደ በግ ሲያደልብ የኖረው በዚሁ ስም ምክንያት ነው።

አቶ አስረስ ከጎጃም በሥራ ተዛውረው መጥተው እዚያው የቀሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆኑ አልናገርም፤ ማኅተሙ ከእሳቸው ኪስ ነበር ማለት ይበቃል። ማኅተም የያዘ ሰው ቸኩሎ አያውቅም። እሳቸው የሚቸኩሉት ቼዝ ሲጫወቱ ብቻ ነው። ከሥራ ሲወጡ ሠራተኞች ክበብ ይመጡና ከግቢው ጥድ ሥር ይቀመጣሉ፤ ባለ ሁለት ፊቱን ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አምስት ደቂቃ፤ እርምጃውን የጨረሰ ሰዓቱን መትቶ የራሱን ደቂቃ ያቆማል። ንጉሡ የተያዘበትም፣ ደቂቃው ያለቀበትም ተሸነፈ።

የክበቡ ሕግ አጭር ነው። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ የእንጨት ነው፣ የአሸናፊ። ሌላው ፕላስቲክ ነው፣ የተጋጣሚ። የተሸነፈ ይነሳል። አቶ አስረስ ከእንጨቱ ወንበር ተነስተው የሚያውቁት መቼ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። ሱሪያቸው ከፊት እንጂ ከኋላ ምን እንደሚመስል አይተን አናውቅም ብለው የሚምሉ ነበሩ።

በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የእንጨቱ ወንበር እግር ተሰበረ። ክበቡ አዲስ እንዲሠራ ዳምጤን አዘዘው። ዳምጤ ከደረቀ ዋንዛ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ አንድ ምስማር ያልነካው ወንበር ሠራና ቅዳሜ ከሰዓት በትከሻው ተሸክሞ አመጣ። አቶ አስረስ ተቀመጡበት፣ ግራና ቀኝ ወዘወዙት፣ “ይሁን” አሉ። ዳምጤ ወልቂጤ አጎቱ ዘንድ ሆኖ ሲማር ቼዝ ነካ ነካ ያደርግ ነበርና ደፈር አለ።

“ጋሽ አስረስ፣ አንድ ጨዋታ ልሞክርዎት?”

“ከሞከርክ ተቀመጥ።”

ፕላስቲኩ ላይ ተቀመጠ። በአራተኛው እርምጃ የአቶ አስረስ ንግሥት ጳጳሱን ከኋላ አስከትላ ንጉሡ ጎን ያለውን ወታደር በላችና አለቀ። ያዘዘው ሻይ ገና አልመጣም። አቶ አስረስ ዳምጤ ያን ዕለት ጠዋት ባለሰለሰው መደገፊያ ላይ ጋደም ብለው፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣

“አንተ ወንበር መሥራት ተሰጥቶሃል” አሉ። “መቀመጥ ግን አልተሰጠህም። ተነስ።”

ሳቁ ያን ቀን ቢያልቅ ኖሮ ምንም አልነበረም። ቡታጅራ ግን እንደዚህ ያለ ነገር አትጥልም። ሰኞ ዕለት አልጋ ሊያሠራ የመጣ ሰው “አንተ አልጋውን ሥራልኝ፣ መተኛቱን ለእኔ ተወው” አለው። እሑድ ጸሎት ቤት በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ ወንድም አግዳሚውን እያሳየ “እዚህ ተቀመጥ ወንድሜ፣ እዚህ ተሰጥቶሃል” አለው። ወር ሳይሞላ ስሙ ያልተሰጠው ሆነ።

ሚስቱ ፋንቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ነገር ማሳጠር ታውቃለች። “ጨዋታ እኮ ነው፣ ተወው” አለችው።

“ጨዋታውን ትቼዋለሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ሳላስነሳቸው ግን አልሞትም።”

ከእንጨት ቤቱ አጠገብ ሰይዶ የሚባል ስልክ ጠጋኝ አለ። የሰው ስልክ ሲፈታ የሰው ወሬም አብሮ የሚፈታ ልጅ ነው፤ ይህን ሁሉ ያገኘሁትም ከእሱ ነው። ጥጉ የተሰነጠቀ አሮጌ ስማርት ስልክ ለዳምጤ ሸጠለትና ቼዝ ጫነለት።

“ዓለም በሙሉ እዚህ ውስጥ አለልህ። ግን ባለ ሦስት ደቂቃውን ብቻ ተጫወት። ኔትወርካችን ከሦስት ደቂቃ በላይ አይታመንም።”

ስም አስገባ ሲለው ዳምጤ “ወንበር” ብሎ ገባ።

ስልኩን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ያጋድመዋል፤ አንዱን ጣውላ ልጎ ሌላውን እስኪያነሳ ቆሞ አንድ ጨዋታ ይጫወታል። መነሻው 1200 ነጥብ ነበር፤ ሲያሸንፍ ይጨምራል፣ ሲሸነፍ ይቀንሳል። በሁለት ሳምንት 640 ገባ። ሰይዶ አንገቱን አስግጎ አየና “ወላሂ ዳምጤ፣ ከዚህ በታች ሰው የለም፣ ጉድጓድ ነው” አለው።

ዳምጤ ቀጣዩን ጨዋታ ከፈተ። ከብራዚል ቢገጥመው፣ ከህንድ ቢገጥመው፣ ለእሱ ሁሉም አስረስ ናቸው። “ይሄ የብራዚሉ አስረስ ፈረሴን በላብኝ” ይላል። “የህንዱ አስረስ ይሻላል፣ ቢያንስ አይሳደብም።” በተሸነፈ ቁጥር የተሸነፈበትን ምክንያት ግድግዳው ላይ በመታው ኮምፔንሳቶ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ሳታይ አትብላ። ንግሥትን አታስቸኩል። ፈረስ ግድግዳ ሥር አይታሰር። ስትናደድ አትጫወት የሚልም ነበረበት፤ እሱን በኋላ ሰረዘው። በዚያ ሕግ ከሄደ ጭራሽ መጫወት ሊቀር ነው።

ትልቁ ችግሩ ግን ሙያው ነበር። አናጺ ሳይለካ አይቆርጥም፤ ዳምጤ ሲለካ ሦስቱ ደቂቃ ያልቃል። ማሸነፊያውን በእጁ ይዞ በሰዓት ይሸነፋል።

“ቁም ሳጥን እየሠራህ መሰለህ?” ይለዋል ሰይዶ። “ሦስት ደቂቃ እኮ ለበርጩማም አይበቃም።”

ይህ ነገር የዳምጤ አእምሮ ውስጥ ገባ። እሱ ለበርጩማ ትእዛዝ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ እግሮቹን አስቀድሞ ቆርጦ ማዕዘን ላይ ከምሮ ነው የሚቆየው። የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎችም እንደዚያው አደረጋቸው። በነጭ አንድ አገባብ፣ በጥቁር አንድ አገባብ፣ ዘወትር ያው፣ ሳያስብ የሚደረድረው። የተረፈውን ደቂቃ ለመለካት አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ነጥቡ መውጣት ጀመረ። በ2007 መጨረሻ 1300 ተሻገረ።

እሑድ ሰባኪው ስለ ይቅርታ ሲያስተምሩ ዳምጤ በወለሉ ሴራሚክ ላይ ፈረስ እያዘለለ ነበር። ከጸሎት በኋላ ፋንቱ፣

“ሰማህ? ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል ተባለ።”

“ሰባ ጊዜ ሰባት አራት መቶ ዘጠና ነው። እኔ ከአስረስ ጋር ሁለት ሺህ ጊዜ ተጫውቻለሁ። ጨርሻለሁ።”

ነሐሴ 2008 ላይ 1500 ገባ፤ ጊዜው ደረሰ አለና ክበብ ሄደ። ፕላስቲኩ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ጉድ ሆነ። ስልኩ ላይ ሁሉም ነገር ከላይ የሚታይ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው፤ እዚህ ንግሥቷ ግዙፍ ሆና ከኋላዋ ያለውን ጳጳስ ትከልላለች፣ ግንቡ ፈረሱን ይሸፍናል። ዓይኑ ጫካ ውስጥ ገባ። በዚያ ላይ እርምጃውን ሲጨርስ ሰዓቱን መምታት ይረሳል፤ ስልኩ ላይ ሰዓቱ በራሱ ነው የሚቀያየረው። አቶ አስረስ ደቂቃው በከንቱ ሲፈስ እያዩ ዝም አሉ። ሲያልቅ ብቻ ተናገሩ።

“ወንበሩ ግን ግሩም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ አልጮኸም። ተነስ።”

ብዙም ሳይቆይ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፤ አስረሶቹ ሁሉ በአንድ ቀን ከስልኩ ተሰደዱ። ዳምጤ እጁን ሲበላው ከትርፍራፊ ዋንዛ የቼዝ ሰሌዳና ጠጠሮች ጠረበ። ሰይዶን አስቀምጦ ገጠመው፤ ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ በቅጡ በማያውቀው በሰይዶ ተሸነፈ። ብስጭት ብሎ ተነሳና መላጊያውን አነሳ። ጣውላውን እየላገ አንዴ ዓይኑን ወደ ሰሌዳው ጣል አደረገ። ከላይ። ሁሉም ነገር ታየው፤ ሦስት እርምጃ ወደፊት ሳይቀር።

“ሰይዶ፣ እንደገና ደርድር።”

“ተቀመጥ እንጂ።”

“አልቀመጥም።”

ያን ቀን ሰይዶን ዘጠኝ ጊዜ ደበደበው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲሠራ በስልኩ፣ ሳይሠራ በሰሌዳው፣ ሁልጊዜ ቆሞ ተለማመደ። ሰይዶም የተበላሸ የጠረጴዛ ሰዓት አምጥቶ እያንዳንዱን እርምጃ ተከትሎ መምታት አስለመደው።

መስከረም 18 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የመስቀል ማግስት። ከአዲስ አበባ የገባው ዘመድ ሁሉ ከተማውን ሞልቶታል፤ የክበቡ ግቢ መቆሚያ የለውም። ዳምጤ ሰው እያለፈ ገባ፣ ፕላስቲኩን ወንበር በእግሩ ገፋ አደረገና ከጠረጴዛው በላይ ቆመ።

“ተቀመጥ” አሉ አቶ አስረስ።

“ይሄ ይመቸኛል።”

ከፊት ከቆሙት መካከል አባባ ገብሬ የሚባሉ የመስቃን ሽማግሌ ነበሩ፤ በርበሬ ነጋዴ፣ ዱላቸውን ተደግፈው። ዳምጤን ከላይ እስከ ታች አዩት። “የተባረክ” አሉ። “ለታላቁ ቆሞ የሚጫወት ልጅ ዛሬ ገና አየሁ።”

ሰዉም ተቀበላቸው፤ እውነት ነው፣ ወግ የሚያውቅ ልጅ ነው። አቶ አስረስ ፊታቸው በራ። ኖር እንደተባለ ሰው “በእግዜር፣ በእግዜር” ብለው እጃቸውን አነሱ። ዳምጤ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ያደለበው ቂም አደባባይ ሲወጣ ትሕትና ተባለ።

ሰዓቱ ተነሳ። የአቶ አስረስ ንግሥት እንደ ልማዷ ገና በጠዋቱ ብቅ አለች። ዳምጤ አንዱን ፈረስ አወጣባት፣ ሸሸች። ሌላውን አወጣባት፣ ሸሸች። በሸሸች ቁጥር አንድ የእሱ ጠጠር ሥራ ይይዛል። እሱ እንደሆነ በሦስት ደቂቃ ያደገ ነው፤ አምስት ደቂቃ የበዓል ጊዜ ሆነለት፣ ላብ እንኳ ጠረገ። አሥራ አራተኛው እርምጃ ላይ ንግሥቷ መሄጃ አጣች። አቶ አስረስ ሰዓቱን እንደ ጥፊ ይመቱ ጀመር። ዳምጤም ይመታል፤ ቀስ አድርጎ፣ ሳይረሳ። መጨረሻ ላይ ግንቡ አንዱን መስመር ይዞ እስከ ታች ወረደ። የአቶ አስረስ ንጉሥ ከገዛ ወታደሮቹ ጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ መውጫ የለውም።

“ማት ነው፣ ጋሽ አስረስ።”

አቶ አስረስ ሰሌዳውን አዩ። ሰዓቱን አዩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ይበልጥ ተመቻቹ።

“ሕጉ የተሸነፈ ይነሳል ነው” አሉ። “ይሄ ልጅ ግን ከመጀመሪያውም አልተቀመጠም። ያልተቀመጠ ሰው ወንበር አይረከብም። ደግሞም ወጉን ያውቃል፣ ለታላቁ ቆሟል። ታላቅ ለታናሽ የሚነሳበት አገር አለ?”

ሰይዶ እንደሚለው ዳምጤ በዚያች ሰዓት ሰሌዳውን አንስቶ ጭንቅላታቸው ላይ ሊያሳርፈው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቀድመው የተናገሩት ግን አባባ ገብሬ ናቸው።

“አስረስ፣ ልጄ። ዕድሜህ ስንት ነው?”

“ሃምሳ ሦስት፣ አባባ።”

“እኔ ሰማንያ አንድ ነኝ። ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ ፊትህ ቆሜያለሁ። ወግ የምታውቅ ከሆነ ብዬ እየጠበቅሁህ ነው።”

አቶ አስረስ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ሁለት እጃቸውን ክንድ ማሳረፊያው ላይ ጫኑ።

“ኖር” አሉ፣ ድምፃቸው ሳይወጣ። ተነሱ።

ሱሪያቸው ከኋላ ከመቀመጥ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ምሥጢሩ ለሕዝብ ወጣ።

“በእግዜር” አሉ አባባ ገብሬ። “እኔስ አልቀመጥም፤ ጉልበቴ ከታጠፈ አይዘረጋም። የሠራው ይቀመጥ።”

ዳምጤ ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ፤ መጣለት። ሁለተኛ አዘዘ። ቀጣይ ተጋጣሚ ፕላስቲኩ ላይ ሊቀመጥ ሲል በእጁ ከለከለው።

“ዛሬ አልጫወትም። ዛሬ መቀመጥ ነው።”

“ካልተጫወትክ ልቀቅልን” አሉ አቶ አስረስ።

“የተሸነፈ ነው የሚነሳው፣ ጋሽ አስረስ። ማን አሸነፈኝ?”

ተቀምጦ ቢጫወት እንደማያይ ሰይዶና እሱ ብቻ ያውቃሉ። አቶ አስረስ ፕላስቲኩ ላይ መቀመጥ ክብራቸው አልፈቀደም፤ ወደ ቤት መሄድም እልካቸው አልፈቀደም። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከጥዱ ሥር ቆሙ። ፋንቱ ወሬውን ሰምታ ስትመጣ ባሏ ሰባተኛውን ሻይ ይዟል።

“ተቀመጥክ?”

“ተቀመጥኩ።”

“ይመቻል?”

ዳምጤ ክርኑን አንዴ አነሳ፣ መለሰ። “ክንዱ ትንሽ ከፍ ብሏል” አለ።

ጥቅምት ሲገባ አቶ አስረስ እንጨት ቤቱ መጡ። ዳምጤ ጣውላ እየላገ ነበር፤ ስልኩ አጠገቡ ተጋድሟል።

“ለቤቴ አንድ ወንበር ላሠራ ነው” አሉ። “እንደዚያኛው። ክንዱ ብቻ ትንሽ ዝቅ ይበል።”

“እሺ።”

“መቼ ይደርሳል?”

ዳምጤ መላጊያውን አላቆመም። “ሦስት ዓመት ከአምስት ወር።”

አቶ አስረስ የሚቀመጡበት ነገር በዓይናቸው ፈለጉ። እዚያ ቤት ግን ሁሉም ነገር የሚሠራው ቆሞ ነው።