ካዙዮ ደጅ የሚሄደው ጣፋጭ

እኅቴ ፉሚኤ በባሏ እንኳ ቀንታ አታውቅም። ሟቹ ከመጠጥ ቤት ሴቶች ጋር ሲዘፍን አምሽቶ ሲመጣ «ጉሮሮህ አልደረቀም?» ብላ ሻይ ታቀርብለት ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመት ከሞላት በኋላ ግን ቅናት ያዛት። ቅናት ደግሞ እንደ ኩፍኝ ነው፤ በልጅነቱ ያልወጣለት ሰው ሲያረጅ ይጠናበታል።

ያስቀናቻት ተከራያችን ዚሎላ ናት፤ ከኡዝቤኪስታን ማትሱሞቶ ድረስ ጃፓንኛ ልትማር የመጣች ልጅ። ስትመጣ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልነበራትም። በመጀመሪያው ምሽት ሦስታችንም ተራ በተራ የምንነከርበትን ሙቅ ገንዳ ቀድማን ገባችና፣ በሳሙና ታጥባበት ውሃውን ደፍታው ወጣች። እኔ ተናደድኩ። ፉሚኤ ግን እጇን ይዛ «ሰውነትሽን ውጭ ታጠቢ፣ ከዚያ ግቢ፤ ውሃው የሁላችን ነው» ብላ አሳየቻት። «የመብያ እንጨቱን ሩዝ ላይ አትትከዪ፣ እንዲያ የሚደረገው ለሙት ነው!» እያለች፣ እየተቆጣች አፍ አስፈታቻት። አሁን ልጅቷ ለቀልድም መልስ አላት።

ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጡረተኛ አስተማሪ ካዙዮ ዘንድ በብሩሽ መጻፍ ልትማር መሄድ ጀመረች። በሄደች ቁጥር በሚያምር ወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ትይዛለች። ካዙዮ በበኩሏ ልጇ ስላገባ የፎቁ ክፍል ባዶ መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። የዚሎላ የኪራይ ውል የሚያልቀው በመጋቢት ነው። እኅቴ ልጅቷን ልትነጠቅ እንደሆነ ቆረጠችና ከወጥ ቤቱ መስኮት አልነቀል አለች።

«አየሽው? ዛሬ ደግሞ ሐምራዊ ነው!»

«እትዬ፣ ጣፋጭ እኮ ነው፤ ጥሎሽ አስመሰልሽው።»

«ዝም በይ አንቺ! ለኔ አንዲት ከረሜላ ገዝታልኝ ታውቃለች? እዚያ ደጅ ወገቧ እስኪቀነጠስ እጅ ትነሳለች፤ እዚህ ስትገባ ሰላም የምትለው ማቀዝቀዣውን ነው!»

ውሸት የለውም። አንጀቷ ሲያር ማየት ሰለቸኝና ዚሎላን ለብቻዋ ይዤ «ለሷም አንድ ቀን ጣፋጭ ግዢላት» አልኳት። ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ።

የካቲት ላይ ከቤት ቤት የሚዞረው የሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከኛ ወደ ካዙዮ የሚተላለፍበት ቀን ደረሰ። ሰሌዳውን ደጅ ላይ ትቶ መመለስ ነው ወጉ። ፉሚኤ ግን ደወሉን ተጫነችው። ጠብ ከተነሳ ልገላግል ብዬ ተከተልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ጠቡም እንዳያመልጠኝ ነው።

«ወይዘሮ ካዙዮ፣ ክፍሉ ተዘጋጀላት?» አለች እኅቴ ፊቷን ቋጥራ።

ካዙዮ ሰሌዳውን ተቀብላ ታቀፈችው። «ለመንኳት፣ እምቢ አለችኝ። ባዶ እጅሽን ነይ ብላት ጣፋጭ ይዛ ትመጣለች። እግሯ ደንዝዞ እንኳ ዘርጊው ስላት ከጉልበቷ አትነሳም። ሁለተኛ ሻይ ጠጥታልኝ አታውቅም።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «እናንተ ቤት ግን ገና በሩን ስትከፍት ‹መጣሁ! ራበኝ!› ስትል እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እኔም እኮ መስኮት አለኝ፣ ወይዘሮ ፉሚኤ። ምን አብልተዋት ነው?»

እኅቴ እጅ ነስታ ተመለሰች። መንገዱን ስንሻገር ግን በመንግሥት የተሸለመች ነበር የምትመስለው። ክፉ ናት፤ በሰው ኀዘን ፈገግ አለች።

በማግስቱ በራችን ተንኳኳ። ዚሎላ ነበረች። ቁልፍ እያላት አንኳኳች። ጫማዋን አስተካክላ አውልቃ፣ ወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለበትን ካርቶን በሁለት እጇ ዘርግታ ጎንበስ አለች። «እንደነገሩ ነው፣ ይቀበሉኝ» አለች።

ዓመት ሙሉ የተመኘችው ጣፋጭ ነው። ፉሚኤ ግን አመድ መሰለች።

«ልትሄጂ ነው?»

«የት?»

«ታዲያ ምን አደረግኩሽ? ምን አስከፋሁሽ? ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?»

ዚሎላ ቀና ሳትል በዐይኗ ወደኔ ጠቆመች። የእኅቴ እርግማን እዚህ አይጻፍም። ካርቶኑን ነጥቃ ደረቴ ላይ ወረወረችው።

«ውሰጂ፣ ለካዙዮ ስጫት! አንቺ ደግሞ ተመልሰሽ ውጪና እንደ ሰው ግቢ!»

ልጅቷ ወጣች። በሩ በኃይል ተከፈተ፣ ጫማዎቿ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ወደቁ።

«መጣሁ! ራበኝ!»

እኅቴ የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት እስክትሰማ ድረስ አልተነፈሰችም።