የጸደቀና የደረቀ

ፍግ የተቀላቀለበት እርጥብ አፈር በጥቁር ላስቲክ ተቋጥሮ ፀሐይ ሲመታው የሚሰጠው ሽታ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ መካነ ሰላም ዳር ከነበረው ቤታችን ደጅ ወስዶ ያቆመኛል። አባቴ የችግኝ ቆጣሪ ነበር። ሰው ሁሉ «አያ መኮንን» የሚለው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ከከተማው በላይ በተከለለው ተራራ ላይ የተከሉትን የባሕር ዛፍ ችግኝ እየዞረ ቆጥሮ፣ በደብተሩ አንደኛው ገጽ ላይ የጸደቀውን፣ በሌላኛው ላይ የደረቀውን ይጽፍ ነበር። ለተካዮቹ የሚታደለው የእርዳታ ስንዴ በዚያ ደብተር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን እኛ ልጆች አናውቅም ነበር።

ድርቁ በጸናበት ዓመት ክረምቱ ሲገባ ተራራው ላይ ያልወጣ አልነበረም። ባሏ ዘመቻ ሄዶ የቀረባት ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ጉድጓድ ስትቆፍር፣ ልጇ የሺና እኔ ላስቲኩን ቀደን ችግኙን እናቀብላት ነበር። የሺ እኩያዬ ነበረች፤ ከችግኞቹ አንዱን የራሷ አድርጋ፣ ባለፍን ቁጥር ጎንበስ ብላ ታናግረው ነበር። ዝናቡ ግን ነሐሴ ሳይጋመስ ተቋረጠ፤ ገብሱም ሳያሽት ቆሞ ደረቀ።

በጋው ሲገባ ከቆላው የሚመጣው ሰው መንገዱን ሞላው፤ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሳይነሡ የቀሩ ይገኙ ነበር። አባቴ ጥር ላይ ተራራውን ዞሮ ቆጥሮ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከጸደቀው የደረቀው ይበልጥ ነበርና እናቴ እግሩ ሥር ተቀምጣ ለመነችው።

«የሞተውን ችግኝ ጸደቀ ብለህ ብትጽፈው ማን ይጎዳል? ስንዴውን ይቀንሱባቸዋል እኮ!»

«ደረቀ ካላልኩ ምትኩን አይልኩም፤ ተራራው ራቁቱን ከቀረ ደግሞ ታች ያለው ምንጭም ይነጥፋል» አላትና እንዳየው ጽፎ ላከው።

ወር ሳይሞላ ስንዴው በግማሽ ተቀነሰ፤ ያልጸደቀ ችግኝ ሥራ አይባልም ተባለ። እኛ ቤት ግን የአባቴ ደመወዝ ነበረና ጠግበን ባናድርም እንበላ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ላይ ለጎረቤት ልጆች ቆሎ ታዘግን ነበር፤ ኋላ እየበዙ ሲመጡባት በር ዘግታ ታበላን ጀመር። አንድ ቀን ንፍሮ ቀርቦልን ሳለ የሺ ከደጅ ሆና በቀጭን ድምፅ ስሜን ጠራች። እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አየችኝ። የሺ ሁለት ጊዜ ደግማ ጠርታኝ ዝም አለች፤ እኔም አፌ ውስጥ የነበረውን አላምጬ ዋጥኩት።

በልጉም ሳይዘንብ ቀረና የሺ መጋቢት ላይ ተቅማጥ ይዟት በሦስተኛው ቀን ሞተች። ከቀብሯ መልስ እትዬ ዘነቡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃችን መጥታ ቆመች። አላለቀሰችም።

«አያ መኮንን፣ የእኔዋንስ በየትኛው ገጽ ጻፏት?» አለችው።

አባቴ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ቆመ። ዘወር ብላ እስክትሄድ ድረስ እንደ ቆመ ቀረ።

በሚቀጥለው ክረምት ዝናብ መጣና እንደገና ተተከለ። ጥር ሲደርስ አባቴ እንደ ወትሮው ዞሮ ቆጠረ፤ ማታ ግን ደብተሩን ገልጦ ብዙ ከቆየ በኋላ የደረቀውን ሁሉ ከጸደቀው ጋር ደምሮ ጻፈው። ከደሴ የመጡት ኃላፊ ስብሰባ ላይ ሪፖርቱን አንብበው «ተራራው ድል አድርጓል!» ሲሉ ተጨበጨበ፤ ስንዴውም ሳይጎድል ታደለ። አባቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ጓሯችን ውስጥ የጥድና የወይራ ችግኝ እያፈላ፣ ማንም ሳያዘው በቅርጫት ተሸክሞ ተራራው ላይ ይወጣ ነበር። የደረቀውን ችግኝ ነቅሎ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አዲሱን ሲተክል አይቼ፣ «አባባ፣ ለምን ብቻህን ትለፋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የጻፍኩትን እየተከልኩ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ስድስት ክረምት እንዲህ ለፋ። ተራራው ከሩቅ ሲያዩት መጥቆር ጀምሮ ነበር።

መንግሥት በወደቀበት ግንቦት የተራራው ዘቦች ጥለው ሄዱና ሰው መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። የመንግሥት ነው፣ ያለ ፈቃዳችን የተከለለ የግጦሽ መሬታችን ነው እያለ፣ የተከለውን ራሱ ይጥለው ገባ። የመጥረቢያው ድምፅ ሳያባራ ሰነበተ። እትዬ ዘነቡም አንድ ግንድ እየጎተተች በደጃችን ስታልፍ አባቴን አየችና አፍራ ቆመች። እሱ ግን ሄዶ ግንዱን አንሥቶ ትከሻዋ ላይ አደላደለላትና፣ «አብሽሪ ዘነቡ፣ ቤትሽ ያፈስ የለም ወይ?» አላት። ያኔ ነው በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታለቅስ ያየኋት። ሰዉ ሲጨርስ አባቴ ብቻውን ወጥቶ ጉቶውን ሲቆጥር ዋለ፤ ማንም ያልጠየቀውን ቁጥር ጽፎ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ባለፈው ጥቅምት ከምኖርበት ከደሴ ወጥቼ ተራራውን አየሁት። ባሕር ዛፉ ከጉቶው አቆጥቁጧል፤ በየሸለቆው ጥድና ወይራ ቆሟል፣ ሌላው ወገን ግን ድንጋዩ አፍጥጧል። ሦስት ወጣቶች ስልካቸውን እያዩ፣ በሜትር የዛፉን ውፍረት እየለኩ ይጽፉ ነበር። አንዷ ቀረብ ብላ፣ «እትዬ፣ ይሄ መቼ እንደተተከለ ያውቃሉ?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። የማላውቀውን አላውቅም ስላት «እርግጠኛ ካልሆኑ ባዶውን እንተወዋለን፤ ችግር የለውም» አለችኝ።

በእኛ ጊዜ ባዶ መተው የሚባል ነገር አልነበረም። ልጅቷ ምሳዋን በቦርሳዋ አንግታ ወደሚቀጥለው ዛፍ ሄደች፤ የደረቀ ጥድ ነበር። አንዴ ቀና ብላ አየችው፣ ደረቀ ብላ ጻፈችና አለፈች። ጽፋ ምንም አልሆነችም፣ ማንም ምንም አልሆነም። አባቴ ለእንዲህ ያለ ቀን አልደረሰም።