የደሴ ካርቡራቶር በበይሉል ማዕበል

መካኒኩ በኃይሉ እንደዚያን ቀን ግራ ተጋብቶ አያውቅም። ኤርትራ ራሷን ከቻለች በኋላ አብሮ አደጎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወሎ ሲገቡ፣ እሱ አሰብ የቀረው እጁን አምኖ ነበር። ይኸው እጅ ዛሬ ከዳው! የዓሣ አጥማጁ የሁመድ ጀልባ አሮጌ የቤንዚን ሞተር ሲጋልቡት ደህና ይሮጥና፣ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ተቀንሶለት በዝግታ ሲሠራ፣ ይንዘፈዘፋል፤ ሁለቴ ያስልና ቀጥ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ባይጣደፍ ምን ነበረበት? ሁመድ በማግስቱ ሙሽራ ልጁን ፋጡማን በባሕር ወስዶ በይሉል መንደር ላሉ አማቾቹ ሊያስረክብ ነው። እዚያ ዳርቻው ድንጋይ ነው፤ በዝግታ ካልተጠጉ አይሆንም። ሞተሩ እዚያ ላይ ቀጥ ካለ ማዕበሉ ጀልባዋን ከነሙሽራዋ ድንጋይ ላይ ይደፋታል።

«አንተ ትሂድ ካልክ ትሄዳለች» አለው ሁመድ። «አትሂድ ካልክ ደግሞ ሠርጉ ይቅር።»

እንዲህ ያለ ሸክም በሰው ጫንቃ ላይ ይጣላል? በኃይሉ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ አውጥቶ ጠረገ፤ ደህና ነው። የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ለወጠ፤ ለውጥ የለም። ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ይሆናል ብሎ ደፍቶ አዲስ ሞላ። ሞተሩ እንዳኮረፈ ነው። ያልነካው ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶሩን ብቻ ነበር። እሱንማ እንዴት ይነካል! ደሴ ልኮ ያሳደሰው ሙያ ባስተማሩት በጋሽ ገሠሠ እጅ ነው። ጋሽ ገሠሠ አስተካክለው ሲጨርሱ ማንም እንዳይነካው ቤንዚኑን የሚመጥነው ቡሎን ላይ ቀይ ቀለም ጠብ ያደርጋሉ። ያን ቀለም መፋቅ ለተማሪያቸው የአባት እርግማን እንደ መጋበዝ ነው።

ዕቃውን ከደሴ ያመጣው የከባድ መኪና ሾፌሩ ስለሺ አጠገቡ ቆሞ ይምላል። «ወንድሜን! መኪና ላይ ገጥመው ሲሞክሩት አይቻለሁ። ሙሉ ብርጭቆ ብታስቀምጥበት ጠብ አይልም ነበር።»

«ታዲያ እዚህ ምን ሆነ? ጂን ገባበት?»

የበኃይሉ ደም ፈላ። የካርቡራቶሩን አፍ በመዳፉ ጥርቅም አድርጎ ሊያንቀው ቃጣው። ግማሹን እንደከደነ ሞተሩ ልስልስ ብሎ መሥራት ጀመረ። እጁን ሲያነሳ እንደገና ማሳል። ሲከድን ልስልስ። አየር ሲቀንሱለት ይሻለዋል ማለት ነው፤ ቤንዚን አንሶታል። ግን ጋሽ ገሠሠ ቤንዚን ያሳንሳሉ? እሳቸው? ጭራሽ ግራ ገባው።

«እኔ እንጃ» አለ ስለሺ። «የኔም መኪና እኮ ደሴ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፤ አሰብ ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍርላትና ነፍስ ትዘራለች።»

በኃይሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጋሽ ገሠሠ ቤንዚኑን የመጠኑት ለደሴ ስስ አየር ነው! ዕቃው ባሕር ዳር እንደሚሠራ ማን ነገራቸው? እሱ ራሱ መንገሩን ረስቶት! እንዲያም ሆኖ ቀዩን ቀለም ሲፍቅ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። «ይቅር ይበሉኝ» አለ ጮክ ብሎ፤ ስለሺ አልሳቀበትም። ቡሎኑን ትንሽ አላላ። ሞተሩ ማሳሉን ተወ።

ትሂድ አለ እንጂ ልቡ አላመነም፤ ስለዚህ ሲነጋ ዋና ሳይችል አብሮ ተሳፈረ። በይሉል ድንጋዮች አጠገብ ሁመድ ነዳጁን ሲቀንስ በኃይሉ ያልጸለየው ጸሎት የለም። ሞተሩ ዱክ ዱክ፣ ዱክ ዱክ እያለ ቆየ። ፋጡማ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች፤ ሴቶች እልል እያሉ ተቀበሏት።

«ምን ነበር ችግሩ?» አለ ሁመድ፣ ዓይኑን ከልጁ ሳይነቅል።

«ምንም አልነበረበትም። አገሩን አላወቀውም ነበር።»

«ልጄስ?» አለው ሁመድ።

በኃይሉ ከደሴ አሰብ ከወረደ ስንት ዘመኑ ነው፤ ዛሬም ሌሊት ሌሊት ደሴ ያለ እየመሰለው ይነቃል። «አላውቅም፣ ሁመድ» አለ።

ፋጡማ በሴቶቹ መሀል ሆና ከቤቶቹ ጀርባ እስክትሰወር ሁመድ ጀልባዋን አላዞረም። ከተሰወረችም በኋላ አላዞረም። ሞተሩ በዝግታ ይሠራል፣ ቤንዚኑ ይነድዳል፤ በኃይሉ እንመለስ ሊለው አልቻለም።