በቁማችን የተነፋ ጥሩምባ

የባለቤቴ ግራ ጎን ሽባ የሆነ ጊዜ፣ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ወደ ጎን ጠራችኝና «አባባ፣ አስታማሚም ይታመማል። እርስዎንም ሰው ያግዝዎት» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ማን እንደሚያግዘኝ እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኋት።

እኔ ጫኖ ቀበሌ ሙዝ የማለማ ሽማግሌ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሙዝ መቁረጥ አውቃለሁ፣ ቦይ መጥረግ አውቃለሁ። ሰው ማጠብና ጠጉር ማበጠር ግን ከሸበትኩ በኋላ ነው የጀመርኩት። የእሷ እጅና እግር ደከመ እንጂ አፏ አልደከመም። ኩርኩፋ ልሥራላት ብዬ የበቆሎውን ዱቄት አድቦልቡዬ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቀልኩት። አንዱን አንስታ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገችውና «ይኼን እንኳ ለዝንጀሮ አስቀምጠው። ሙዙን ሊበላ ሲመጣ ትወረውርበታለህ» አለችኝ።

እንዲህ እየተባባልን ወራት አለፉ። እሷን ሳነሳ ወገቤ ይንቋቋል። የመስኖ ውሃ ተራዬ ሁለት ጊዜ አለፈኝና ሙዙም ቢጫ መሆን ጀመረ። ይኼን ሐዋሳ ያለችው ልጃችን ሰማች። ደውላ «አባዬ፣ አልቻልክም። በወሩ መጨረሻ መጥቼ እማዬን እወስዳታለሁ» አለች። የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዝም አለች። ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ነው። ይቺ ሴት ከዚህ ግቢ ከወጣች እንደማትተርፍልኝ ያኔ ገባኝ።

እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። በእኛ እድር ሰው ሲሞት ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ወንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ሴቷ ውሃ ትቀዳለች፣ ምግብ ትሠራለች፣ ሐዘንተኛው እጁን አያነሳም። ይኼን ሳስበው ከረምኩና እጄን አወጣሁ።

«ከባለቤቴ ለቅሶ ላይ ሦስቱን ቀን አሁን ስጡኝ» አልኩ። «የሞተች ዕለት ባትቀመጡ ቅር አይለኝም።»

የእድሩ ዳኛ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ጋሼ፣ ደንቡ እኮ ‹ሲሞት› ነው የሚለው።»

«ሲሞትማ እሷ አታይላችሁም» አልኩት።

አንድ ጎረቤቴ ከኋላ ሆኖ «ዛሬ ይኼን ከፈቀድን ነገ አንዱ ለጉንፋኑ ድንኳን ትከሉልኝ ይለናል» አለና ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ደግ ሰው ነው፣ ነገር ይወዳል እንጂ።

ያልሳቀች አንዲት ሴት ነበረች። ባሏን ስድስት ዓመት አስታማ የቀበረች ጎረቤታችን ናት። ተነስታ «እኔ ሳስታምም አንዳችሁ ደጄን አልረገጣችሁም» አለች። «የሞተ ዕለት ግን መቀመጫ ጠፋ። ያን ሁሉ ንፍሮ ማን በላው? እሱ ነው?» ዳኛው መነጽሩን መልሶ አደረገና «እሺ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስት ቀን ሰው ይውጣላቸው። ጥሩምባ ነፊው ያስታውቅ» አለ።

ጥሩምባ ነፊው ስብሰባው ላይ አልነበረም። የእኔ ቤት መሆኑንና ሦስት ቀን መሆኑን ብቻ ነገሩት። ጥሩምባ መንፋት ደግሞ እሱ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

ማክሰኞ ገና ሲነጋ ባለቤቴን ማንጎው ሥር ወንበር ላይ አስቀምጬ እግሯን አጥባለሁ። ጥሩምባው ከላይ ሰፈር ተሰማ። ነፋሱ ድምፁን ያመጣዋል፣ ቃሉን ግን አይለይም።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«እንጃ።»

«እንጃ ትላለህ? ተነስ ድረስ። ሰው ምን ይለናል?»

«አንቺን ለማን ትቼ ልሂድ?»

«እኔ የትም አልሄድም፣ ሂድ» እያለች ስትቆጣኝ አጥራችን ተከፈተ። ወንዶቹ የድንኳን እንጨት ተሸክመው ገቡ። ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። ስብሰባው ላይ የነበሩትም «ሳንደርስላት ሞተች» ብለው ነው የወጡት፤ የእነሱ ለቅሶ ከሁሉም ባሰ። ከፊት ያለችው ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና «እህቴን፣ እህቴን» እያለች መጥታ ከወንበሩ ጋር ልትጋጭ ደረሰች። ባለቤቴ በደህና እጇ ያዘቻትና ቀስ ብላ «እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?» አለቻት።

ሴትዮዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ዳኛው ጥሩምባ ነፊውን ጠርቶ ተቆጣው። እሱም ጥሩምባውን ብብቱ ሥር አድርጎ «ሦስት ቀን ይቀመጡ አላችሁኝ። እኛ ሦስት ቀን የምንቀመጠው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ወንዶቹ አፍረው እንጨታቸውን ሊያነሱ ሲሉ ባለቤቴ «ካመጣችሁት አይቀር ትከሉት፣ ፀሐዩ ያቃጥለኛል» አለቻቸው። ተከሉት። ሴቶቹ ውሃ ቀዱ፣ ልብሷን አጠቡ፣ ደህና ኩርኩፋ ሠሩ። እሷ መሐል ተቀምጣ ለቅሷቸውን ትመዝናለች። «አንቺ ከልብሽ ነው ያለቀስሽው፣ አርፈሽ ብዪ። አንቺ ግን ድምፅ ብቻ ነሽ፣ እንባም አላየሁብሽ። ልብሱን አንቺ እጠቢ።» እኔ ጥግ ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ከሰዓት በኋላ ነቃሁ። ሁለት ጊዜ መጥተው ትንፋሼን እንዳዩ ኋላ ነገሩኝ። ጥሩምባ ነፊው እዚያው ስለነበረ ነው አሉ።

ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ድንኳኑ ተነሳ። ያቺ ባሏን ያስታመመችው ሴት ግን አልተነሳችም። «ውሃ በተራ እናጠጣ የለም? እሷንም በተራ ነው» ብላ ለየሴቱ ቀን ደለደለች። ወንዶቹንም አልተወችም፤ ያ የጉንፋኑን ድንኳን ያወራው ጎረቤቴ ማለዳ ማለዳ እየመጣ ባለቤቴን ከአልጋ የሚያነሳልኝ ሆነ። እኔም ሙዜን በተራዬ ቀን አጠጣሁ።

በወሩ መጨረሻ ልጃችን ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። እናቷ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ጎረቤት ሹሩባ እየሠራችላት ነበር።

«እማዬ፣ ልብስሽን ላዘጋጅ?»

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለቻት እናቷ። «የሐሙሷ ሴት ገና ግማሹን ነው የሠራችው። በግማሽ ጠጉር ሐዋሳ ልግባ?»

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ማንጎው አየሁ። ሁለት ቀን አብራን ቆየች፣ ማን መጥቶ ማን እንደሚሄድ ስታይ ሰነበተች። ከዚያ ራሷ ወደ ተራ ደልዳይዋ ሄዳ፣ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ለእሷ እንዲሰጣት ጠየቀች።

ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና «እሺ» አለች። «ግን የከተማ ሰው ነሽ ተብሎ አይታለፍልሽም። ከቀረሽ ምትክ ትልኪያለሽ።»

ልጄ ለሚቀጥለው ቅዳሜ የምትቀይረውን ልብስ ከእጅ ቦርሳዋ አውጥታ ሻንጣው ውስጥ ከተተች። ሻንጣውን እናቷ አልጋ ሥር ገፍታ ወደ መናኸሪያ ሄደች።