የእትዬ ቦኖ አዋጅ

እትዬ ቦኖን እናታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራ ሰው እስካሁን አልተገኘም። የሰፈሩን የውሃ ቦኖ ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲከፍቱና ሲዘጉ ስለኖሩ ሥራው ስማቸውን ዋጠው። ግልምጫቸው ያስፈራል። ወረፋ በማስከበር ግን የሚያማቸው የለም።

በዚያ ቦኖ ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ቢጫ ጀሪካኖች፣ ባለቤታቸው የሚታወቅበት ጨርቅ እጀታቸው ላይ ታስሮ፣ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አጠገባቸው የሚቆሙት ደግሞ ሴት ልጆች ናቸው። ወንድሞቻቸው ፊታቸውን ታጥበው፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ያልፋሉ፤ ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ደወል ሲደወል በሩ ይዘጋል። ውሃውን ቤት አድርሳ እየሮጠች የመጣች ልጅ ከተዘጋ በር ጋር ትፋጠጣለች። ደጋግማ የቀረች ከመዝገብ ትሰረዛለች።

ጉንዳን የተሰረዘችው እንዲህ ነው። አክስቷ ቤት የምታድግ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ከራሷ የሚበልጥ ሸክም ስለምትሸከም ነው ጉንዳን ያሏት። የተሰረዘች ዕለት ጀሪካኗ ላይ ቁጭ ብላ፣ "ከእንግዲህ መሮጥ ቀረልኝ እኮ እትዬ" አለቻቸው። እትዬ ቦኖም በልጅነታቸው የቤቱ ውሃ ቀጂ ስለነበሩ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ እስከ ዛሬ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነው። "ይቺ ልጅ በሚቀጥለው ምዝገባ ካልተመለሰች እኔ ምኑን ኖርኩት!" አሉ።

በማግስቱ አዋጅ አወጡ፦ ተማሪ ሴት ልጅ ወረፋ ሳትጠብቅ ትቅዳ። ብልህ የሆኑ መስሏቸው ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን ከእሳቸው ይብሳል። ሦስት ቀን ሳይሞላ ወረፋ የሰለቸው ሁሉ ጀሪካኑን በተማሪ ልጅ መላክ ጀመረ። አንዴ ትመላለስ የነበረችው ሦስቴ ተመላለሰች። ጉንዳን ራሷ፣ ከመዝገብ ተሰርዛ ሳለ፣ "ተማሪ ናት" ተብላ የጎረቤት ጀሪካን ሁሉ ይዛ ከች አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እትዬ ቦኖ በራሳቸው ተናደዱ፤ ሲናደዱ ደግሞ ጭንቅላታቸው ይሠራል።

ሁለተኛው አዋጅ አጭር ነበር።

"ከደወል በፊት ለልጅ አልቀዳም፤ ለወንድም ለሴትም! ውሃ የሚፈልግ ትልቅ ሰው ይምጣ።"

ወንዶቹ ልጆች ድሮም መጥተው ስለማያውቁ አዋጁ የነካው ሴቶቹን ብቻ ነው። ሰፈሩ ታመሰ። ጀሪካን ይዘው የማያውቁ አባቶች ዐይናቸውን እያሹ ብቅ አሉ። አንዱማ ክዳኑን ሳይከፍት ቧንቧው ሥር ደቅኖ፣ "ውሃው እምቢ አለኝ" ብሎ ወረፋውን በሙሉ በሳቅ ገደለው። የጉንዳን አክስት ግን አልሳቀችም። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጣች።

"እትዬ፣ ልጄን የማዘው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?"

"ልጅቷ ያንቺ፣ ቧንቧው የኔ!"

አክስትየው በቀጥታ ወደ ውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሄደች። ሊቀ መንበሩ ቀልድ የማያውቁ ጡረተኛ ናቸው። መጥተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ቦኖው የሕዝብ ነው። ቁልፉን አምጪ። ነገ እኔ እከፍታለሁ፤ ስለ ሥራሽ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

እትዬ ቦኖ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ ቁልፉን ግን ከአንገታቸው አውጥተው ሰጡ። "ይክፈቱ ጋሼ" አሉ፤ "ግን በሞቴ፣ ደወል እስኪደወል ከበርጩማዬ አይነሱ።"

ሊቀ መንበሩ በማግስቱ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ ቀዱ። አባቶች በደስታ ለጥ ብለው ተኝተዋል፤ ሴት ልጆቹ ወደ ወረፋቸው ተመልሰዋል። ደወሉ ሲደወል አሥራ አንድ ልጆች ገና አልቀዱም ነበር። ጀሪካናቸውን ጥለው ሮጡ፤ በሩ ፊታቸው ላይ ተዘጋ። ተመልሰው መጡና ቦታቸውን ያዙ። አንዳቸውም አላለቀሱም፤ ለምደውታል። ትንሿ ብቻ ሊቀ መንበሩን ቀና ብላ አየቻቸው።

"አባባ፣ ነገም የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት?"

ሊቀ መንበሩ ለሁሉም ቀድተው ሲጨርሱ ቧንቧውን ዘግተው እትዬ ቦኖ ቤት ድረስ ሄዱ። "እንኪ ቁልፍሽን" አሉ፤ "አዋጅሽ ከዛሬ ጀምሮ የኮሚቴው ነው።" ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ቦኖው ላይ ተለጠፈ። ማንበብ የማይችሉት እትዬ ቦኖ ለመጣው ሁሉ በቃላቸው አነበቡት። የጉንዳን አክስት ባልም ጠዋት ጠዋት መቅዳት ጀመረ፤ መጀመሪያ እያፈረ፣ በኋላ እየፎከረ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን እትዬ ቦኖ ቦኖውን ቆልፈው ትምህርት ቤት ገቡ። ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ሁለት ጊዜ ደምረው ቀና አሉ።

"እትዬ፣ ይህ ቤት ከተከፈተ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ወንዶቹና ሴቶቹ እኩል ለእኩል!"

መምህራኑ አጨበጨቡ። እትዬ ቦኖ ግን ዐይናቸው በሩ ላይ ነው። "ጉንዳንስ?"

"አልመጣችም።"

የሌላው ልጅ ሁሉ መግባት ደስ ቢያሰኛቸውም ያቺን አንዷን አልተካላቸውም። ወጥተው ሊሄዱ ሲሉ አክስትየው ጉንዳንን በእጇ ይዛ እያለከለከች ገባች።

"ዘገየን እንዴ? መዝግቡልኝ በሞቴ! እትዬ፣ አይቆጡኝ፤ ባሌ መቅዳት ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ በዝቶብኝ ነው።"

ርዕሰ መምህሩ የዘጉትን መዝገብ መልሰው ከፈቱ፤ ጽፈው ሲጨርሱም ሳቁ። "በሉ እንግዲህ፣ እኩልነቱ ፈረሰ። ሴቶቹ በአንድ በለጡ።"

"ይብለጡ!" አሉ እትዬ ቦኖ፣ ጉንዳንን እቅፍ አድርገው እያለቀሱ፤ "ይብለጡ እንጂ! ስንት ዘመን ሲያንሱ ማን ተቆጣ?"